ወሬው መጨረሻ ይምጣ፦ የፈጠራ፣ የጽሞናና የውይይት ወርክሾፕ አዘገጃጀት

ወርክሾፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ነገር ያው ነው። አንዱ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ከዚያ "ጥያቄ ያለው?" ይባላል። ሁሌም የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ይናገራሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ዓይነት መሰባሰብ ነው። ሰዎች አብረው ዝም የሚሉበት፣ በእጃቸው የሆነ ነገር የሚሠሩበት፣ ከዚያ ስለ ጋራ ኑሯቸው የሚነጋገሩበት።

ሦስቱን ለየብቻ የሚያዘጋጅ ሞልቷል። የሥዕል ክበብ አለ፣ የጸሎት ቡድን አለ፣ የውይይት መድረክ አለ። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ውይይት ከቀደመ ሰው ቶሎ ወገን ይይዛል። ወገን ከያዘ በኋላ የሚስለው ሥዕል መፈክር ይሆናል። ዝምታውም የኩርፊያ ዝምታ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ነገር ላይ ይሟገታል፦ መጀመሪያ ጽሞና፣ ቀጥሎ የእጅ ሥራ፣ ወሬ መጨረሻ። ወሬውም ከሰዎች አቋም ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ካለው ከተሠራው ነገር ይነሳ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ገደማ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ማንበብና መጻፍ የማስተማር ሥራ መርቷል። ፍሬሬ ከፊደል በፊት የሚያስቀድመው ነገር ነበረው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ኑሮ የሚያሳይ ሥዕል አይተው ይነጋገራሉ። "ስለ ድህነት ምን ታስባላችሁ?" ሲባል አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ "እዚህ ሥዕል ላይ ያለው ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?" ሲባል አፉን ይከፍታል።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ

ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ። "ሰላም"፣ "ማንነት"፣ "የወጣቶች ችግር" የሚሉት ለአዳራሽ ባነር ይሆኑ ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነት ወርክሾፕ ግን አይመቹም። ሰፊ ስለሆኑ የሚያገኙት መልስ የተለመደውን ነው። ጥያቄው የሰውየውን የራሱን ሕይወት ይንካ። ለምሳሌ "ከወላጆቼ የወረስኩት፣ ለልጆቼ ግን የማላወርሰው ምንድን ነው?" ወይም "በየቀኑ አጠገቤ እያለፈ ልብ የማልለው ሰው ማን ነው?" ወይም "ዝም ያልኩበት፣ ግን ዝም ማለት ያልነበረብኝ ጊዜ መቼ ነው?"

ጥያቄያችሁን በሦስት ነገር ፈትኑት። በታሪክ ሊመለስ ይችላል? አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም? እናንተ አዘጋጆቹስ መልሱን አታውቁትም? ሦስተኛውን አጥብቄ ነው የምለው። መልሱን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ያዘጋጃችሁት ስብከት ነው። ተሳታፊው ደግሞ ይህን ለመንቃት አስር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጥያቄውን ከማጽደቃችሁ በፊት አዘጋጆቹ ራሳችሁ በወረቀት መልሱት። ለመመለስ ያስፈራችሁ ከሆነ ለመጀመሪያ ቀን ከብዷል ማለት ነው። ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ማን ይምጣ? ስንት ሰው?

12 ምርጥ ቁጥር ነው። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትም ይካፈላል፤ ቡድን ስትከፋፍሉ ማንም ብቻውን አይቀርም። ከስድስት ካነሰ ሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ከ16 ከበለጠ ደግሞ የሁሉንም ሥራ ለማየት ጊዜ አይበቃም፣ ዝም ያለው ሰውም ዝም እንዳለ ይሄዳል።

አመቻቾች ሁለት ሁኑ። አንዱ ይመራል። ሌላው ሰዓቱንና የሰውን ፊት ያያል። ማን ተከፍቷል? ማን ወጥቶ ቀረ? ማን ሊናገር ብሎ ተወው? የሚመራው ሰው እነዚህን ሁሉ ሊያይ አይችልም። ከተቻለ ሁለቱ አመቻቾች በዕድሜ፣ በጾታ ወይም በእምነት የተለያዩ ይሁኑ። ሰው ወደሚቀርበው ሄዶ የሚያወራበት ዕድል ይሰፋለታል።

ስትጋብዙ የሥልጣን ነገር እንዳይረሳችሁ። አለቃና ሠራተኛ፣ መምህርና ተማሪ፣ የሃይማኖት አባትና ምዕመን አንድ ክብ ውስጥ ሲቀመጡ ታች ያለው ሰው የሚናገረው ላይ ላለው ሰው ጆሮ የሚጥመውን ነው። አይጋበዙ ማለቴ አይደለም። ግን ትንንሽ ቡድን ስትሠሩ አንድ ላይ አታድርጓቸው።

የጥሪው ወረቀት አጭርና ግልጽ ይሁን። ይህን መሠረት አድርጋችሁ የራሳችሁን ጻፉ፦

"ለሦስት ሰዓት እንገናኛለን። ጥቂት ደቂቃ አብረን በዝምታ እንቀመጣለን። ከዚያ በወረቀትና በቀለም የሆነ ነገር እንሠራለን። መጨረሻ ላይ እንወያያለን። ሥዕል መቻል አያስፈልግም። ማንም እንዲናገር ወይም እንዲጸልይ አይገደድም። የሚያልቅበት ሰዓት አይዛነፍም።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። ልጅ ቤት ትታ የምትመጣ እናት የምትመጣው ያችን ዓረፍተ ነገር አምና ነው።

ደረጃ 3፦ ቦታና ዕቃ

በሩ የሚዘጋ፣ ሰው የማያቋርጥበት፣ ወንበሩን ከቦታው ማንሳት የሚቻልበት ክፍል ይበቃል። ወንበሮቹን በክብ ደርድሩ፤ ጠረጴዛ በግድግዳው ዙሪያ ይሁን። በዊልቸር የሚመጣ ሰው መግባት መቻሉን፣ መጸዳጃ ቤቱም ቅርብ መሆኑን አስቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩ። በስልክ "አዎ አለ" ስለተባላችሁ አትመኑ። ቀኑን ስትመርጡ የተሳታፊዎቹን የጸሎት ሰዓት፣ ጾምና በዓል አገናዝቡ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ከለር፣ ወፍራም ማርከር፣ መቀስ፣ ማስቲሽ፣ የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ፣ ፕላስተር። ሸክላ ጭቃ ካገኛችሁ እሰየው። ውድ ቀለም ግን አትግዙ። ውድ ወረቀት ፊት ሰው "እንዳላበላሽ" እያለ እጁ ይታሰራል። ርካሽ ነገር ነጻ ያወጣል። አንድ ጥቅል ሶፍትም ይኑር፤ እንደሚያስፈልግ ታያላችሁ።

ደረጃ 4፦ መንፈሳዊው ክፍል፣ እምነቱ ለተለያየ ሰው

ብዙ አዘጋጅ የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። መፍራቱም አግባብ ነው። ነገሩ በሁለት በኩል ይበላሻል። ወይ የአንዱ እምነት ሥርዓት ለሁሉም ይሆንና ግማሹ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ወይ ደግሞ ማንንም ላለማስቀየም ሲባል ሁሉም ነገር ይወጣና "በረጅሙ ተንፍሱ" ብቻ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ ሰውነት ማፍታቻ እንጂ መንፈሳዊ ነገር አይደለም።

መሐል ላይ የሚቆም መንገድ አለ። ቅርጹን የጋራ አድርጉት፣ ውስጡን ግን ለየሰው ተዉት። አመቻቹ እንዲህ ይበል፦ "አሁን ሰባት ደቂቃ አብረን ዝም እንላለን። መጸለይ የምትፈልጉ በልባችሁ በየእምነታችሁ ጸልዩ። የማትጸልዩ ትንፋሻችሁን አዳምጡ፣ ወይም የዛሬውን ጥያቄ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁን መጨፈን ግዴታ አይደለም።"

ርዝመቱን አስቀድሞ መናገር ግድ ነው። መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው ዝምታውን የሚያሳልፈው "አበቃ ወይስ አላበቃም" እያለ ነው። ዓይን መጨፈንንም አታስገድዱ። ክፉ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ሰላም ከማግኘት ይልቅ ያለፈው ሊመጣበት ይችላል። መሬቱ ላይ አንድ ቦታ ማየት ይበቃዋል።

ከባዶ ዝምታ ሌላ የሚያገለግሉ ሦስት ልምምዶች አሉ።

አንደኛው በቀስታ ማንበብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ዳግማዊ ጊጎ የተባለ፣ ካርቱዚያን ከሚባለው የካቶሊክ የምንኩስና ማኅበር የሆነ መነኩሴ መንፈሳዊ ንባብን በአራት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በጽሞና ማረፍ። ለወርክሾፕ ሲመጥን እንዲህ ይሆናል። ከአምስትና ከስድስት መስመር የማይበልጥ ጽሑፍ ምረጡ። ግጥም ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ሰው ድምፅ ይነበብ። ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን አንድ ቃል ብቻ ይበል። ማብራሪያ የለም። ከሁለተኛው በኋላ ቃሉ ከሕይወቱ ጋር የት እንደሚገናኝ ለራሱ ያስብ። ከሦስተኛው በኋላ ዝም። በ15 ደቂቃ ያልቃል። የ12 ሰው አንድ አንድ ቃል ተከታትሎ ሲሰማ ራሱ ግጥም ይሆናል።

ሁለተኛው መልካም መመኘት ነው። በቡድሂስቶች ዘንድ ሜታ የሚባል የቆየ ልምምድ ነው። በልብ መልካም የሚመኙት መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለሚወዱት ሰው፣ ቀጥሎ ለማያውቁት፣ መጨረሻ ላይ ለተጣሉት ነው። መጨረሻውን በመጀመሪያ ቀን አትሞክሩት። ተበድሎ የመጣን ሰው ገና ሳታውቁት ለበዳዩ እንዲመኝ መጠየቅ ተጨማሪ በደል ነው።

ሦስተኛው ከኩዌከሮች የሚወሰድ ነው። እነዚህ ክርስቲያኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዝምታ እየተሰበሰቡ ማምለክ ጀመሩ፤ ዛሬም በዚህ መንገድ የሚያመልኩ አሉ። እንዲናገር ከውስጥ የተቀሰቀሰ ሰው ይነሳና ይናገራል። ሌላው ቶሎ አይመልስለትም፤ ዝምታው ይመለሳል። ይህችን ለውይይቱ ክፍል ያዟት። በሁለት ተናጋሪዎች መሐል ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት ብቻ ጭቅጭቅን ምን ያህል እንደሚያበርድ ሞክራችሁ እዩት።

የሌላ እምነት ሥርዓት ከምእመኖቹ ውጭ አምጥታችሁ ለማሳያ እንዳታደርጉት። ሥርዓቱ የራሱ የሆነ ተሳታፊ ላሳይ ካለ ያሳይ፣ ሌሎቹ በአክብሮት ይዩ። ማየትና መሳተፍ ይለያያሉ።

ደረጃ 5፦ ስምምነት

ሰው እንደተቀመጠ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። ረጅም ሕግ አያስፈልግም። "ማለፍ እችላለሁ" ማለት ሁሌም ይቻላል፤ ምክንያት አይጠየቅም። የተናገረን ሰው አናቋርጥም፣ አንመክርም። ስልክ በዝምታ ይሁን፤ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ስለ ምስጢር ትንሽ ላስፋ። ቻተም ሐውስ የተባለው የለንደን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ደንብ አሁንም በየስብሰባው ይሠራበታል። የሰማኸውን ሐሳብ መጠቀም ትችላለህ፣ ማን እንዳለው ግን አትናገርም። ለእንዲህ ዓይነት ወርክሾፕ ይህ አይበቃም። ሰፈሩ ትንሽ ከሆነ ታሪኩ ያለ ስምም ባለቤቱን ያሳብቃል። ስለዚህ "የተማርነውን እንወስዳለን፣ የሰውን ታሪክ እዚህ እንተዋለን" በሉ። ገደቡንም አብራችሁ ተናገሩ። ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ወይም አንድ ሰው ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ ከሰማችሁ ምስጢር አይጠበቅም። ይህን ከሰማችሁ በኋላ ሳይሆን ከመስማታችሁ በፊት ነው የምትናገሩት።

ደረጃ 6፦ ሦስቱ ሰዓት እንዴት ይከፈል?

መምጣት፣ መተዋወቅና ስምምነት 20 ደቂቃ። ጽሞና 15 ደቂቃ። ሥራ 50 ደቂቃ። ዕረፍት 15 ደቂቃ። በአራት በአራት ሰው ሆኖ ሥራን ማየት 40 ደቂቃ፤ ማለትም ለአንድ ሰው አስር ደቂቃ። በትልቁ ክብ ውይይት 30 ደቂቃ። መዝጊያ 10 ደቂቃ። ድምሩ 180 ነው።

ሰዓት ካጠረ ምን ይቀነስ? አብዛኛው ሰው ጽሞናውን ወይም መዝጊያውን ይቆርጣል። እኔ ውይይቱን ቁረጡ ባይ ነኝ። ውይይት በሚቀጥለው ጊዜ ይቀጥላል፣ በመንገድ ላይም ይቀጥላል። ልቡን ከፍቶ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ እጅ ሥራ ይጀምር

ለአንድ ቀን አንድ ዘዴ ብቻ ምረጡ። ሁለት ሦስት ካበዛችሁ ሰው ዕቃ ሲያነሳና ሲጥል ይውላል።

*በጽሑፍ።* እስክሪብቶው አይቁም፣ ፊደል ቢሳሳት ችግር የለውም፣ ካልፈለገ ማንም አያነብም። 15 ደቂቃ ይበቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀን በየቀኑ ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ስለ ከባድ ገጠመኛቸው የጻፉት ወዲያው እንደጨረሱ ስሜታቸው ዝቅ ብሎ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ የሚጠቅመን የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ጽሑፍ መጀመሪያ ሊያስከፋ ይችላል። ከባድ ጥያቄ ይዛችሁ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ አታስጽፉ።

*በሰውነት።* ይህ የቲያትር ሰው የነበረው የብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ውርስ ነው። ቦአል እ.ኤ.አ. በ1971 በወታደራዊው መንግሥት ታስሮ ከአገሩ ተሰደደ። በስደት ዓመታቱም ተመልካች መድረክ ላይ ወጥቶ ታሪኩን የሚቀይርበትን ቲያትር አዳበረ። ቀላሉ መልክ የምስል ቲያትር ነው። አራት ሰዎች ቃል ሳይናገሩ በሰውነታቸው የቆመ ምስል ይሠራሉ፦ "ነገሩ አሁን እንዲህ ነው።" ቀጥሎ ሁለተኛ ምስል፦ "እንዲህ ቢሆን እንመኛለን።" ከዚያ እጅ ሲጨበጨብ አንድ አንድ እንቅስቃሴ እያደረጉ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ። ቁም ነገሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ማን ቀድሞ ተንቀሳቀሰ? ማን ሳይነቃነቅ ቀረ? ማን ሲገፋ ማን ወደቀ? ውይይታችሁ ከዚህ ይነሳል።

ከበድ ያለው ፎረም ቲያትር ነው። ክፉ የሚያልቅ የአምስት ደቂቃ ትዕይንት ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል። በድጋሚው ከተመልካቹ ማንም "ቁም!" ብሎ የተበደለውን ሰው ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በዳዩን መተካት ግን አይፈቀድም። በዳዩን ደግ ካደረጋችሁት ችግሩ በተአምር ጠፋ ማለት ነው፣ እውነተኛው ዓለም ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

*በፎቶ።* ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ካሜራ አለው። ከአንድ ሳምንት በፊት ጥያቄውን ላኩላቸውና ሦስት ፎቶ ይዘው ይምጡ። ፎቶቮይስ የሚባለውን ይህን ዘዴ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቻይናዋ ዩናን ግዛት ከገጠር ሴቶች ጋር ሠርተውበታል። ሴቶቹ ኑሯቸውን ራሳቸው አንስተው ለባለሥልጣናት እንዲያሳዩ ነው የታሰበው። የሰው ፊት ከገባ ፈቃድ ይጠየቅ። የሕፃናት ፊት ባይገባ ይሻላል።

ኮላጅና ሸክላም ጥሩ ናቸው፤ በተለይ "እኔ መሳል አልችልም" የሚል ሰው ሲበዛ። ከመጽሔት ቆርጦ መለጠፍን አልችልም የሚል የለም።

በሥራው ጊዜ አመቻቾቹ አፋችሁን ዝጉ። እየዞራችሁ "ዋው፣ ያምራል!" አትበሉ። አንዱን ካመሰገናችሁ ያልተመሰገነው መሥራቱን ትቶ መወዳደር ይጀምራል። ሙዚቃ ይኑር የሚሉ አሉ። እኔ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ሙዚቃው ለሁሉም አንድ ስሜት ያድላል።

ደረጃ 8፦ ሥራውን ማየት፣ ከዚያ መነጋገር

አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ። እዚህ ላይ አሜሪካዊቷ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አቀናባሪ) ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያዳበረችው ባለ አራት ደረጃ የአስተያየት አሰጣጥ እጅግ ይጠቅማል። መጀመሪያ ተመልካቾች ውስጣቸው የቀረውን ይናገራሉ፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የለም። ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው ይጠይቃቸዋል። ሦስተኛ፣ እነሱ ይጠይቁታል፤ ጥያቄው ግን አስተያየት ያዘለ አይሁን። አራተኛ፣ አስተያየት ያለው "ስለ ቀለሙ አስተያየት ነበረኝ፣ ልበል?" ብሎ ያስፈቅዳል፤ ባለቤቱም "አይ፣ ይቅርብኝ" ማለት ይችላል።

ሦስተኛው ይከብዳል፣ ስለዚህ በምሳሌ አሳዩ። "ለምንድን ነው እንዲህ ያጨለምሽው?" የሚለው ጥያቄ መስሎ የመጣ ወቀሳ ነው። "ቀለሙን ስትመርጪ ምን እያሰብሽ ነበር?" ሲባል ግን ሰው ይናገራል። ባለሙያ አርቲስት ለሌለበት ቡድን አራተኛውን ትታችሁ በሦስቱ ብትቆሙም ምንም አይጎድልም።

ከዚያ ወደ ትልቁ ክብ። ሥራዎቹ መሐል መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ይሁኑ። አሁን ነው ማኅበራዊው ጥያቄ የሚመጣው። የፎቶቮይስ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው አምስት ጥያቄዎች ለሥዕልም ለምስል ቲያትርም ይሆናሉ፦

እዚህ ላይ ምን ይታያል?
በእውነት እየሆነ ያለው ምንድን ነው?
ይህ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?
ይህ ለምን ሆነ?
ምን ማድረግ እንችላለን?

በተራቸው ሂዱ። ሰው ወደ አራተኛውና አምስተኛው መዝለል ይወዳል። "ምን ታያላችሁ?" ላይ ሳይሰለቻችሁ ቆዩ። ለምን ሆነ የሚለው ላይ ስትደርሱ ደግሞ "የሰው ክፋት ነው" በሚል መልስ እንዳትቆሙ። ማን ይወስናል? ማን ይከፍላል? ማን ይጠቀማል? እነዚህን ጨምሩ። መንፈሳዊው ክፍል ሰውን ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ ይህኛው ደግሞ ወደ ውጭ እንዲያይ ያደርገዋል። አንዱ ብቻውን ሲሆን ወይ ከዓለም መሸሻ ይሆናል፣ ወይ ቁጣ ብቻ።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

*ሰው ቢያለቅስ።* አትደንግጡ፣ ቶሎም አታቅፉ። ሶፍቱን አጠገቡ አኑሩ። "እዚህ ነን፣ ጊዜህን ውሰድ" ማለት ይበቃል። ልቅሶው ካልቆመ ሁለተኛው አመቻች አብሮት ይውጣ። እናንተ ሐኪም አይደላችሁም፤ ጉዳቱን እየቆፈራችሁ አትጠይቁ። የአካባቢውን የምክር አገልግሎት አድራሻ አስቀድማችሁ ያዙ።

*አንድ ሰው ወሬውን ቢጠቀልለው።* "የተናገርከውን ይዣለሁ፤ አሁን ገና ያልተናገሩትን እንስማ" በሉ። ካልገባው በሚቀጥለው ዙር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ስጡና ሰዓቱን እሱ ይያዝ። ይሠራል፣ ሞክሩት።

*ማንም ባይናገር።* ዝምታውን አትሙሉት። 20 ሰከንድ ጠብቁ፤ ለአመቻች የዓመት ያህል ይረዝማል፣ ለተሳታፊው ግን ማሰቢያ ነው። ከዚያም ካልተናገሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ።

*ክርክር ቢነሳ።* ወደ ሥራው መልሷቸው። "ይህን የምትለው የትኛውን ሥራ አይተህ ነው?" ሥራ ላይ ካልተገኘ ክርክሩ ከውጭ የመጣ ነው። ክርክሩ ሰውን ወደ መስደብ ከሄደ፣ በተለይ በዘር ወይም በእምነት፣ እዚያው አስቁሙት። ገለልተኛ ልሁን ብሎ ዝም ማለት የተሰደበውን ሰው ብቻውን መተው ነው።

ደረጃ 10፦ መዝጋትና ከዚያ በኋላ

መዝጊያው አጭር ይሁን። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞት የሚሄደውን ይበል፣ የማይፈልግ ይለፍ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ ሰላምታ፣ በቃ። አመቻቹ የሁሉንም ሐሳብ ጠቅለል አድርጎ በንግግር ልዝጋ እንዳይል።

ሥራው የሠራው ሰው ነው። ይዞት ይሂድ፣ ይቅደደው፣ ይተወው፤ ምርጫው የእሱ ነው። ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት ከፈለጋችሁ በዕለቱ በሞቀ ስሜት አትጠይቁት። ከሳምንት በኋላ ጠይቁ፣ ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውንም አብራችሁ።

ሰው ሲሄድ ሁለቱ አመቻቾች 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ማን ምንም ሳይናገር ሄደ? የቱ ላይ ቸኮልን? ያስጨነቀን ሰው አለ? ካለ በማግስቱ ደውሉለት። ለስፖንሰር ሪፖርት መጻፍ ካለባችሁ የሰው ታሪክ አታስገቡበት፤ ስንት ሰው እንደመጣና ምን እንደተሠራ ይበቃል።

አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ስድስት ሳምንት ማዘጋጀት ከቻላችሁ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀላል ጥያቄ ይዘው በኮላጅና በጽሑፍ ይሂዱ። ሦስተኛውና አራተኛው በፎቶ፤ ወደ አካባቢያችሁ ጉዳይ የምትገቡት እዚህ ነው። አምስተኛው በምስል ቲያትር። ስድስተኛውን "ምን ማድረግ እንችላለን?" ለሚለው ተዉት። መልሱ ትንሽ ቢሆን አትናቁት። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ጽሞናውን ከተሳታፊዎቹ አንዱ ይምራው፣ በአምስተኛው ሌላው የሥራውን ሰዓት ይያዝ፣ በስድስተኛው ውይይቱን እነሱ ይምሩት። ወረቀቱና ማርከሩ ያለበትን ካርቶን፣ የክፍሉን ቁልፍ የያዘውን ሰው ስልክና ይህን የሰዓት አከፋፈል ለሁለት ፈቃደኛ ሰዎች አስረክቡ። ሰባተኛውን እነሱ ይጥሩት፤ እናንተም እንደማንኛውም ሰው ተጋብዛችሁ ሂዱ።